መርፌ፣ ኤሌክትሪክና የልብ ምት

በአንድ የፀረ ኤድስ ክበብ ውይይት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ መርፌ ስናወራ እጇን አውጥታ፣ «እናቴ ደም ግፊት አለባት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቻይና መርፌ ያድናል ስላሏት ኪኒኗን ልታቆም ነው። ኤሌክትሪኩ ልቧን አይመታትም?» አለችኝ።

ህክምናው ኤሌክትሮ አኩፓንክቸር ይባላል። በጣም ቀጫጭን መርፌዎች ሰውነት ላይ ይሰኩና በሽቦ ከአንዲት ትንሽ ማሽን ጋር ይያያዛሉ። የማሽኗ ኤሌክትሪክ ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ታካሚው ነዘር ነዘር ሲያደርገው ይሰማዋል፣ በቃ።

ታዲያ ክንድ ላይ የተሰካ መርፌ ልብን በምን ያገኛታል? በነርቭ ነው። ስንደነግጥ ልባችን ድው ድው የሚለው፣ የደም ሥሮቻችንም የሚጠቡት ሲምፓቴቲክ የተባሉት ነርቮች ሲያዟቸው ነው። ከመርፌው ሥር ያሉት ነርቮች መልእክቱን ወደ አንጎል ያደርሳሉ። እዚያ እንደ ኢንዶርፊን ያሉ ንጥረ ነገሮች ይለቀቁና ሲምፓቴቲክ ነርቮች ረገብ ይላሉ። ያኔ የልብ ምት ዝግ ሊል፣ የደም ሥሮች ሊሰፉ፣ ግፊቱም ሊቀንስ ይችላል። ኤሌክትሪኩ ራሱ ልብ ድረስ አይሄድም። ይሁንና ልባቸው ላይ የምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሰዎች ይህን ህክምና እንዳይሞክሩት ይመከራል።

ምን ያህል ይቀንሳል? አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኢርቫይን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ መድኃኒት የማይወስዱ 65 የደም ግፊት ታካሚዎች በሳምንት አንዴ ለ30 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንታት ታክመዋል። ከእጅ አንጓ በላይና ከጉልበት በታች ከተወጉት 33 ሰዎች ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ግፊታቸው ቀንሷል። የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ6 እስከ 8፣ የታችኛው ደግሞ 4 ያህል ነው የወረደው። ሌላ ቦታ ላይ በተወጉት ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም።

እንግዲህ አስቡት፤ 160 የነበረ ግፊት 152 ቢሆን አሁንም ከፍተኛ ነው! ለዚህ ብሎ ኪኒን መጣል ልብንና አንጎልን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ለልጅቷም «እናትሽ ሐኪሟን ሳታማክር አንድም ቀን እንዳታቋርጥ» አልኳት። ይህ ለፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም ይሠራል፤ አኩፓንክቸር ቫይረሱን አያጠፋም።

መርፌው ራሱስ? ኤሌክትሪኩ አያጸዳውም። ሌላ ሰው የተወጋበት ከሆነ ኤች አይ ቪን ወይም የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው አዲሱን መርፌ ከእሽጉ ሲያወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ ሲጨርስም የስለታም ነገሮች ማስወገጃ ሣጥን ውስጥ መክተት አለበት። ካላያችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።