የማይታየው የምድር ጉዞ

በኵወይት ከተማ፣ በሚርቃብ ሰፈር ለቆመ ኢትዮጵያዊ ምድሪቱ ከቶ የምትንቀሳቀስ አትመስለውም። ነገር ግን የምድር ቅርፊት ሰሌዳ በሚባሉ ታላላቅ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ኵወይትም በዐረብ ሰሌዳ ላይ ትገኛለች። ይህ ሰሌዳ በአፋር በኩል ከአፍሪካ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ከኋላው ቀይ ባሕር ተከፈተ፤ በፊቱም ከእስያ ጋር ሲጋፋ በፋርስ የዛግሮስ ተራሮች ከፍ አሉ።

ጉዞው ግን ሁልጊዜ በዝግታ አይገለጥም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ አጠገብ፣ የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር ያህል ዘልቆ ገባ፤ ምድርንም በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 8 ሜትር አለያያት። የአራት መቶ ዓመት ጉዞ በጥቂት ሳምንታት ተፈጸመ፤ አርብቶ አደሮችም ቀያቸውን ለቀው ሸሹ።

እንግዲህ የምድር መናወጥ ድንገተኛ ቢመስልም ምክንያቱ አስቀድሞ የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የመሬቱን ጠባይ ይመርምር።