የሽመል ቤትና በዓሉ

በ1984 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት ጥንታውያን ሕንጻዎቹን በዓመት አንድ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ከጀመረ ወዲህ ልማዱ በመላው አውሮፓ ተስፋፍቶ፣ ቤተ መንግሥትና ካቴድራል ያለው ከተማ ሁሉ የቅርስ ቀን ያከብራል። እንዲህ ያለው በዓል ግን ድንጋይን ያሰበ ስለ ሆነ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ አሶሳ የሚዘልቅ እንግዳ የጥንት ግንብ ልይ ቢል ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል፤ የአካባቢው የበርታ ሕዝብ አበው ቤታቸውን ያነጹት በሽመልና በሣር ነውና።

የቆላው ሽመል፣ ውስጡ ክፍት ከሆነው ከደጋው ቀርቀሃ ተለይቶ፣ አገዳው በአመዛኙ ድፍን በመሆኑ ለቋሚም ለወጋግራም ይበቃል። ለግድግዳው ግን ሠሪው አገዳውን በገጀራ ሰንጥቆ፣ በዙሪያው በተተከሉት ቋሚዎች መካከል አንዱን በፊት አንዱን በኋላ እያሳለፈ፣ እንደ ቅርጫት ይጎነጉነዋል። ጭቃ ያልተመረገ እንደ ሆነ ነፋስ በቀዳዳው እየገባ የቆላውን ሙቀት ያበርዳል፤ ከምድጃው የሚወጣው ጢስም ሽመሉን እያጠቆረ ነቀዝ እንዳይደፍረው ያደርጋል። ይህ ሁሉ ብልሃት ሳለ ቤቱ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ መፍረሱና መታነጹ ስለማይቀር፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ርስት የአሠራሩ ጥበብ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ኅዳር 29፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ በየክልሉ እየዞረ ሲከበር፣ ዘጠነኛው በዓል በ2007 ዓ.ም. ለአሶሳ ደርሷታል። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የየራሳቸውን ጌጥና ጭፈራ ለሚያሳዩባት ምድር እንዲህ ያለው በዓል የሚገባ ነው፤ ነገር ግን የመድረክ ሰዓት ንፉግ ነው። የበርታዎች ዙምባራ ከቅል የተሠሩ፣ ረዥምና አጭር የሆኑ መለከቶች ማኅበር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነፊ የተመደበለትን ድምፅ ብቻ በተራው ስለሚያስገባ፣ አንድ ሰው ሲቀር ዜማው ይሸነቆራል። ይህን ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ አይቶ አወቅሁት ማለት አይቻልም፤ የሽመል ቤቱ አሠራርማ ከመሠረት እስከ ጉልላት በአደባባይ ቢታይ፣ ለአንድ በዓል ይበቃው ነበር።

በዘመናዊ ወግ ትልቅ ቤት ያሠሩት የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ናቸው፤ እርሱም የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ በስማቸው ሸጎሌ በተባለው ሰፈር ነው። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. አሶሳ ያለችበትን ቤኒሻንጉልን ካስገበሩ በኋላ፣ የአገሩ ወርቅ ወደ ምኒልክ ግምጃ ቤት ይጎርፍ ጀመር፤ ከወርቁ ጋር ባሪያም ይነዳ እንደ ነበር የቤቱን ሞገስ የሚያወሳ ሰው ሊደብቀው አይገባም። ሼህ ሆጀሌ በ1930 ዓ.ም. ሲሞቱ ቤታቸው ቀርቷል፤ የሕዝባቸው የሽመል ቤት ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ፈርሶ እንደ ተሠራ እንጃ።

ለዚህ መታደስ ደግሞ ዱሩ ያስፈልጋል። ሽመል ከብዙ ዓመት አንድ ጊዜ በጅምላ አብቦ በጅምላ የሚደርቅ ተክል ነው፤ የረገፈው ዘር እሳትና ከብት ካልደረሰበት በቅሎ ይተካል፣ ማሳ ለመክፈት ከተመነጠረ ግን ግድግዳ ጎንጓኙ ከሩቅ አገር አገዳ መሸመት ይገደዳል።