ለስላሳ ፎቶግራፍና እውነተኛ መልክ

ወደ ፎቶግራፍ ቤት የሚሄድ ወጣት ሁሉ ምኞቱ አንድ ነው፤ ይኸውም አምሮ መታየት። ዳሩ ግን ማማር ማለት የፊትን መስመር ማጥፋት አይደለም።

እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም.፣ በ48 ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ካሜራዋን በስጦታ አገኘች። ፎቶግራፎቿ ጥርት ያላሉ ስለ ነበሩ ብዙ ባለሙያዎች ነቀፏት፤ እርሷ ግን አልተወችም። በ1867 የሳይንስ ሊቁን ጆን ኸርሽልን ስታነሣ ሽበቱም የፊቱም መጨማደድ አልተሰወረም።

ይህን ልስላሴ የሚሻ በሌንሱ ፊት ስስ የሴት ስቶኪንግ ይወጥር፤ ወይም በሌንሱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ በሚገጠም ንጹሕ መስተዋት ዳር ዳር ጥቂት ቫዝሊን ይቀባ። ነገር ግን ካሜራውን በሰውየው ዓይን ላይ አጥርቶ ያነጣጥር፤ ልስላሴና ብዥታ አንድ አይደሉምና። ዓይኑ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ያምር ይሆናል፤ የማን መሆኑን ግን እናት እንኳ አትለየውም።