ስለ ትራክተር ዐይነት አለያየት

የእርሻ መኪና እንደ በሬ በመልኩ ብቻ የሚታወቅ አይደለም። በውጭ ሲያዩዋቸው አንድ የሚመስሉ፣ የውስጥ ዕቃቸው ግን የማይገጣጠም ብዙ ናቸውና፣ አገር የሚያስተዳድርም ሆነ እርሻ የሚያሳርስ ሰው መለያቸውን ሊያውቅ ይገባዋል። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ መሥመር ላይ ያለ ቆላ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት በእንዲህ ያለ አገር፣ የተሳሳተ መለዋወጫ አስመጥቶ ሌላ እስኪደርስለት የሚጠብቅ ሰው የዘር ወራቱ ያልፍበታል።

እጅግ የሚያሳስቱት ፎርድና ፈርጉሰን ናቸው፤ ምክንያቱም ምንጫቸው አንድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ሄንሪ ፎርድና ሃሪ ፈርጉሰን ውል ሳይጽፉ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተስማሙ። ከዚህም በ1939 «9ኤን»፣ በ1942 «2ኤን» የተባሉት ወጡ። ስምምነቱ ሲፈርስ ፎርድ በ1947 «8ኤን»ን አወጣ፤ ፈርጉሰን ደግሞ ከ1946 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ «ቲኢ 20»ን አሠራ። ክርክራቸውም በ1952 ፎርድ 9 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ከፍሎ አለቀ።

መለያቸው እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ የፎርዱ ሞተር ቫልቮቹ በሲሊንደሩ ጎን ስለሆኑ ቴስታታው ጠፍጣፋ ነው። የፈርጉሰኑ ግን ቫልቮቹ ከላይ ናቸውና በቴስታታው ላይ ክዳን ይታያል፤ ሞተሩም የሚነሣው በማርሽ ዘንጉ ነው።

ሁለተኛ፤ «9ኤን»ና «2ኤን» ወደ ፊት ሦስት ማርሽ ሲኖራቸው፣ የግራው ፍሬን ከፍሪሲዮኑ ጋር በግራ ነው። «8ኤን» አራት ማርሽ አለው፤ ሁለቱም ፍሬኖች በቀኝ ናቸው። የ«2ኤን» ቁጥር ራሱ በ9ኤን ስለሚጀምር፣ ሁለቱን በቁጥሩ መነሻ ፊደል ብቻ መለየት አይቻልም።

ሦስተኛ፤ በፈርጉሰን ሰሌዳ ላይ ያሉት ፊደላት ይነበቡ። «ቲኢኤ» የቤንዚን፣ «ቲኢዲ» ላምባ መሰል ነዳጅ የሚጠቀም፣ በ1951 የወጣው «ቲኢኤፍ» የናፍጣ ነው። «ቲኦ» ያለበት በአሜሪካ በዲትሮይት የተሠራ ነው።

ቀለም ምስክር አይሆንም፤ አሮጌ መኪና ደጋግሞ ይቀባልና። ሞተሩም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መለዋወጫ የሚያዝ ሰው የሰሌዳውንና በሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሁለቱንም ጽፎ ይላክ። የአንድ ሰዓት ምርመራ የአንድ ዓመት እህል ያድናል።