ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ ባንኮኒ

የታኅሣሥ ገብርኤል በዓል ሲቃረብ ወደ ቁልቢ ከሚጓዘው ምእመን ከፊሉ በድሬዳዋ በኩል ስለሚያልፍ የሳቢያን ቤቶች በእንግዳ ይሞላሉ። እንግዳው ለስለቱ ጧፍና ዣንጥላ፣ ለቤቱ ደግሞ ጨርቅ ለመግዛት ወደ ከፊራ ሲነሣ እናቶች የሱቁን ቁጥር አይነግሩትም፤ «የእነ እገሌ ሱቅ» ብለው ይመሩታል እንጂ። ባለሱቁ የእስልምና ተከታይ ሊሆን ይችላል፤ በድሬዳዋ ይህን ጉዳዬ የሚል የለም። እኛም በዚህ የበዓል ዕትማችን «የእነ እገሌ» የሚያሰኘው ነገር እንዴት እንደተገኘና ምን እንደገጠመው ጥቂት ልንል ወደድን።

ድሬዳዋ ራሷ የሐዲድና የንግድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ቢከብደው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1909 ዓ.ም፣ ብዙው ሸቀጥ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱና ዐረቡ ሱቁን የከፈተው ይህን አይቶ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው የህንዳውያኑ የመሐመድ አሊ ቤት ነበር። ከጉጅራት የመጣው ይህ የነጋዴ ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሐረር ሥራውን ጀምሮ ኋላ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መደብር ከፈተ። ጨርቅ ያስገባል፣ ቡናና ቆዳ ይልካል። የዚያን ዘመን ነጋዴ ቤት አሠራር ልብ ማለት ይገባል። ሱቁ ከታች፣ መኖሪያው ከላይ ነው። ልጁ ገና ቁመቱ ከባንኮኒው ሳያልፍ አቡጀዲውን በክንድ ሲለኩ ያያል፤ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውንና አደርኛውን ከደንበኛው አፍ ይለቅማል። ገበሬው ቡናው እስኪደርስ በዱቤ ይወስዳል፤ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ሳይሆን አባትየው ነው። እንግዲህ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ከሸቀጡ ይልቅ ይህን ዕውቀት ነው።

ዛሬ ሐረርን የሚጎበኘው እንግዳ በአብዛኛው የሚጠይቀው በ1873 ዓ.ም የአንድ የኤደን ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ የገባውን ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦን ነው። በስሙ የሚጠራው ባለ እንጨት ፎቅ ቤት ግን ከእርሱ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ የነጋዴውን ስም የሚጠይቅ ጎብኚ ግን እስካሁን አልገጠመንም።

የመሐመድ አሊን ቤት ያፈረሰው ኪሳራ አልነበረም። የእንግሊዝ ተገዢ በመሆኑ በጥርጣሬ ያየው የነበረው የኢጣልያ ወራሪ በ1929 ዓ.ም ከአገር አስወጣው። ለአሥርት ዓመታት የተከማቸ የዱቤ መዝገብ በአንድ ትእዛዝ ተዘጋ።

ሁለተኛው ትእዛዝ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው፣ እንዳጋጣሚ፣ ክረምተኛው ምእመን ቁልቢ ላይ የገብርኤልን በዓል በሚያከብርበት ዕለት ነበር። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተላለፈ። በእኛ አስተያየት የዚህ አዋጅ ውጤት ሁለት ፊት አለው። ባለቤቱ ቤቱን አጣ፤ ተከራዩ ባለሱቅ ግን በርካሽ ኪራይ ከባንኮኒው ሳይነሣ ልጁን ተካ። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ማን ይጠግነው? የራሱ ያልሆነን ግድግዳ ማን ይለስናል? አንዳንዱ አሮጌ ቤት የዘመመው በዚህ ይመስለናል።

በ1998 ዓ.ም ክረምት ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ፤ ንብረትም ጠረገ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ባቡር ቆመ። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማዋ ውጭ ስለሆነ፣ ተሳፋሪው እንደ ድሮው ከፉርጎ ወርዶ በእግሩ ከዚራ አይገባም። ታይዋን በሚባለው ገበያም ዋጋ የሚሰብር ሸቀጥ አለ።

ባለሱቁ ልጁን አስተምሯል፤ የተማረው ልጅም ባንኮኒ ላይ መቀመጥ አይፈልግ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ግን፣ የቁልቢ መንገደኛ በዝቶ አባት ብቻውን ስለማይችል፣ ልጅም ጣቃውን እየዘረጋ በክንድ ይለካል።