ከባድ የእንጨት ሥራ ማሽኖችን ወደ አዲስ የሥራ ቦታ ስለማዛወር

በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በፊልቱ እና በዶሎ አዶ የሚገኙ የእንጨት ሥራ ድርጅቶች የኪራይ ውል ሲያበቃ፣ የማምረቻ ሼድ የመጠቀሚያ ጊዜ ሲጠናቀቅ ወይም ሥራው ሲሰፋ የሥራ ቦታ ይቀይራሉ። ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያነጋግረው የጭነት መኪና ባለቤትን ነው። ይሁንና መኪናው የመጨረሻው ጉዳይ ሊሆን ይገባል። ማሽኑ ደርሶ ኃይል ሳያገኝ በሸራ ተሸፍኖ በተቀመጠ ቁጥር የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ መቁጠራቸውን አያቆሙምና።

በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ፈቃድ የተወሰነ የሥራ አድራሻን ይዞ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የአድራሻ ለውጥ ለመዝጋቢው አካል መቅረብ አለበት። ከነጌሌ ወደ ያቤሎ የሚዛወር ድርጅት በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ፊልቱ የሚሄድ ግን ወደ ሶማሌ ክልል ስለሚሻገር ከሁለቱም ክልሎች የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ጉዳዩን መጨረስ ይኖርበታል። ለታክስ ባለሥልጣንም ማሳወቅ ግዴታ ነው። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለዚህ 30 ቀናት ይሰጣል። ግብራቸውን ለክልል የሚከፍሉ ነጋዴዎች በክልላቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ የከተማቸውን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል።

የተከማቸ ጣውላ ከማሽኑ ጋር በአንድ መኪና መጫን የተለመደ ስህተት ነው። በደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ውጤት ያለ ፈቃድ ማጓጓዝ የተከለከለ ነው። ጣውላው በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ቢሆንም እንኳ የማዘዋወሪያ ፈቃድ ከሌለው ኬላ ላይ ሊያዝ፣ ማሽኑም አብሮ ሊቆም ይችላል።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይወስዳል። ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው መላጊያና መሰንጠቂያ ማሽኖች ባለ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ መስመር የሚፈልጉ ሲሆን፣ ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው ፍጆታው ብዙ እጥፍ የሚሆን ኃይል ይስባል። ስለዚህ አዲሱን ቤት ከመከራየት በፊት መስመሩ ይህን መሸከሙን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማረጋገጥ ይገባል። አብዛኞቹ ሞተሮች የሚሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሚደርስ የአካባቢ ሙቀት ነው። እንደ ዶሎ አዶ ባሉ ሞቃታማ ቦታዎች ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚተከል ማሽን በቂ የአየር መዘዋወሪያ ከሌለው ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

በአካባቢው ጋና ከሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ካለው ዝናብ እና በመጸው ከሚጥለው ሀገያ ውጪ ያለውን ጊዜ መምረጥ ይመከራል። ያልተነጠፉ መንገዶች በዝናብ ጊዜ ለከባድ ጭነት አስቸጋሪ ናቸው።

ከመጫን በፊት መስመሩ ተቋርጦ መጋዞችና ቢላዎች ይወልቃሉ፤ በሞተሩና በቺንጊያው አካባቢ የተጠራቀመ ሰጋቱራ ይጸዳል። ማሽኑ መነሣት ያለበት ከመሠረቱ ነው። የመላጊያ ጠረጴዛን ይዞ ማንሣት ልኩን ያዛባል፤ ጠረጴዛው አንዴ ከተዛባ ቀጥ ያለ ጣውላ ማውጣት ያቆማል። የባንድ መጋዝ ከላይ የከበደ በመሆኑ በቀላሉ ስለሚገለበጥ በአራቱም አቅጣጫ በገመድ ይታሰራል። ክሬን ወይም ፎርክሊፍት በማይገኝበት ከተማ ማሽኑን በክሪክ አንሥቶ በብረት ቱቦዎች ላይ ማንከባለል ይቻላል። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ቁልቁል በሆነው ወገን መቆም የለበትም። ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ለማጆችን ለዚህ ሥራ ማሰለፍ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወጣት ሠራተኞች ካደረገው ጥበቃ ጋር ይጋጫል።

በአዲሱ ቦታ ማሽኑ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ከወለሉ ጋር በቡሎን ይታሰራል፤ የመሬት ሽቦም ይገጠምለታል። ቢላና ቺንጊያ ከመግጠም በፊት ሞተሩ ለብቻው ለአፍታ ይሞከራል። የስሪ ፌዝ ሽቦዎች ቅደም ተከተል ከተቀየረ ሞተሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ባለሙያው መስመሩን ዘግቶ ከሦስቱ ሁለቱን ሽቦዎች በማቀያየር ያስተካክለዋል።