ጫጩት ከመገዛቱ በፊት ገዢው ይጠየቅ



በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ ስንዘዋወር ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ «ብድር ስጡንና ሥራ እንጀምር» የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ከብድሩ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ማን ይገዛናል?» የሚለው ነው።

ይህን የተማርነው በኪሳራ ነው። በአንዲት ከተማ ያሉ እኅቶች እንቁላል ለመሸጥ በማኅበር ተበደሩ። ጫጩቶቹን በመስከረም ገዙ። ዶሮ እንቁላል መጣል የምትጀምረው በአምስት ወር ገደማ በመሆኑ፣ እንቁላሉ የደረሰው በየካቲት፣ ሁዳዴ ሲገባ ነበር። እኛ በዚያ ሥርዓት ባንጾምም ከገዢዎቻችን ብዙዎቹ 55ቱን ቀን እንቁላል አይቀምሱም። ፉርሽካና ፋጉሎ ግን በየሳምንቱ መገዛት ነበረበት። እኅቶች የመኖ መግዣ አጥተው፣ ጾሙ ሳይጋመስ አብዛኞቹን ዶሮዎች በርካሽ ሸጡ። ፋሲካ ደርሶ ዶሮ ሲወደድ በእጃቸው የቀረው ዕዳው ነበር። ወሩን ሳንቆጥር ብድሩን የፈቀድን እኛ ነንና ጥፋቱ የእኛም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ወደ ሻይ ቤቱ፣ ወደ ሆቴሉና ወደ ሱቁ ሂዱ። «እንቁላል ብናመጣ ይገዛሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰው በይሉኝታ እሺ ይላልና። «ባለፈው ሳምንት ስንት ገዙ? ከማን? በስንት ዋጋ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የአምቦን የቅዳሜ ገበያ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ረቡዕና ዓርብን፣ ጾሙንና ፍስኩን፣ የገበሬው እህል የሚያልቅበትን ክረምት፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለእረፍት የሚበተኑበትን ወቅት ሁሉ አስቡ።

ሦስተኛ፣ በወረቀት ላይ አስሉ። ለምሳሌ 50 ዶሮዎች በቀን 30 እንቁላል ቢጥሉ በሳምንት 210 ይሆናል። አምስት ሻይ ቤቶች በሳምንት 30፣ 30 ቢወስዱ 150 ነው። የቀረውን 60 ማን ይገዛል? መልስ ካልተገኘ ዶሮውን ቀንሱ፣ ወይም ሌላ ገዢ ፈልጉ።

ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባ አስተምሯል። ገበያ መጠየቅ የእምነት ማነስ አይደለም። ጥያቄው የጥቂት ቀን ድካም ነው፤ ዕዳው ግን ለዓመታት ይከተላል። ስለዚህ የብድር ማመልከቻ ስታቀርቡ የገዢዎቻችሁን ዝርዝር አብራችሁ አምጡ፤ እኛም ሳናየው አንፈርምም።